ማንም የማይረግጠው ጥግ

አዛውንቱ የተገኙት ከቤታቸው ጀርባ፣ ከእንጨት በረንዳው ሥር ባለው የድንጋይ ደረጃ ላይ ነው። በጎናቸው ወድቀዋል፤ አንድ ጫማቸው ግን እላይ በረንዳው ላይ ቀርቷል። አጠገባቸው ለሁለት የተሰበረ ሰፊ ጣውላና ከመደገፊያው የተገነጠለ እንጨት ነበር። ዳቦ ልትገዛ ወጥታ የነበረችው ትልቋ ልጃቸው ስትመለስ አገኘቻቸው። አልጮኸችም። ዳቦውን ደረጃው ላይ አስቀምጣ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ፖሊስ መጥቶ ክንዷን ይዞ እስኪያስነሳትም ከዚያ ንቅንቅ አላለችም።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ፀሐይዋ ገና አልበረታችም፤ እሷ ግን ከወዲሁ ደክሟታል። ጡረታዋ ተቃርቧል፤ ጉልበቷ ደረጃ ባየ ቁጥር ያማርራል፤ የሰው ቤት ገብቶ የሰው ለቅሶ ማቋረጥም ከሰለቻት ቆይቷል። በጣቢያው ከኋላዋ «እሜቴ ለምን» ይሏታል። ሰው ሁሉ «ማን ገደለው?» ሲል እሷ «ለምን እዚያ ቆመ?» ብላ ስለምትጀምር ነው። ስሙን ታውቀዋለች፤ አትቀየምም። ከዚህ የባሰ ስም የወጣላቸው አለቆች አሉ።

ግቢው በር ላይ በቆመው የፖሊስ መኪና ውስጥ አንድ ሰው አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

«ያ ማነው?» አለች።

«አናጢው ነው» አላት በር ላይ የቆመው ፖሊስ። «ወንድ ልጅየው ሊያንቀው ሲል ነው ያስጣልነው። ‹ሚስማሩን አላልቶ አባቴን ገደለው› ይላል። ለራሱም ይሻላል ብለን አስገባነው።»

«ይቆይ። ውኃ ስጡት።»

አንሶላውን ገለጥ አድርጋ የሟቹን እጆች አየች። የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቶች ጫፋቸው ብጫ ሆኗል። የሹራባቸው እጅጌ ላይ ትንሽ የተቃጠለች ቀዳዳ አለች። ኪሳቸው ውስጥ መሐረብና የሚንት ከረሜላ እንጂ ሌላ ነገር የለም። አንሶላውን መልሳ ሸፈነች፤ ጉልበቷን ይዛ ወደ ተሰበረው ጣውላ ዞረች።

ጣውላው ከላይ ሲያዩት ደህና ነበር፤ ፀሐይና ዝናብ ያመደው፣ ጠንካራ የሚመስል። ስትገለብጠው ግን ሆዱ ውኃ ውስጥ ገብቶ እንደወጣ ዳቦ በጣቷ ሥር ረገበ። በላይኛው ፊቱ ላይ፣ ጠርዙ አካባቢ፣ ቡናማ ግማሽ ክብ ታትሟል። ጫፉ ላይ የቀሩት ሚስማሮች አሮጌ ናቸው፤ ተጣመው የተቃኑ። አንዱን በጣቷ ስትዳብሰው አሟለጫት። አሸተተችው። ሳሙና ነው።

ከዚያ ወደ በረንዳው ወጣች። በረንዳው ከቤቱ ጀርባ ሙሉውን ይዞ ቁልቁለቱ ላይ በምሰሶ የቆመ ነው። መሃሉ ላይ የአዛውንቱ ወንበር አለ፤ ከወንበሩ አጠገብ ለረጅም ጊዜ ከቦታው ያልተነሳ የአበባ ማሰሮ። አሁን ግን ማሰሮው ትንሽ ፈንጠር ብሏል። ሥሩ የነበረው ጣውላ ላይ ማሰሮው ያተመው ግማሽ ክብ ይታያል፤ ሌላኛው ግማሽ ሊኖርበት የሚገባው ቀጣዩ ጣውላ ላይ ግን የክብ ምልክት የለም። በምትኩ ቀን ሙሉ ፀሐይ በሚመታው ቦታ ላይ አረንጓዴ የለበሰ ጣውላ ተጋድሟል።

አረንጓዴው ከየት እንደመጣ ለማወቅ ጥቂት እርምጃ በቃት። በበረንዳው ዳር የውኃ ታንከር በብረት ቆጥ ላይ ቆሟል፤ ያንጠባጥባል። ከታንከሩ ጀርባ ያለው ጥግ ከቤቱ ውስጥ አይታይም፤ ጣውላዎቹም ሁሉ አረንጓዴ ለብሰዋል። አዛውንቱ የወደቁት ከዚያ ነው። ኢንስፔክተሯ ገባት፤ አንድ ሰው የመሃሉን ጣውላ ነቅሎ ወደ ጥግ፣ የጥጉን ነቅሎ ወደ መሃል አድርጎታል።

ጥጉ ላይ በቆመው መደገፊያ ጫፍ ላይ ብዙ ጥቃቅን ጥቁር የቃጠሎ ነጥቦች ነበሩ፤ አሮጌም አዲስም። የቀረው ጫማ አጠገብ ቁንጥር የምታክል አመድ። ሲጋራ ግን የለም። አረንጓዴው ላይ ደግሞ የሴት ጫማ ተረከዝ ያረፈበት ይታያል።

ስትወርድ ትልቋ ልጅ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት። ሃምሳ ዓመት ሊሞላት የተቃረበ፣ ቀጭን፣ ሻሿን አጥብቃ ያሰረች ሴት ናት።

«ኢንስፔክተር፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ» አለች። «እዚያ ጥግ ምን ሊያደርግ ሄደ?»

«እኔም የምጠይቀው እሱኑ ነው እህቴ» አለች ኢንስፔክተሯ።

ወንድ ልጅየው ሳሎን ውስጥ የአባቱን መድኃኒቶች ያለ ምክንያት ሲደረድር አገኘችው። ፋርማሲስት ነው፤ ከተማው መሃል ፎቅ ላይ ይኖራል፤ ለዛሬው ቀን ሲል ከሚስቱ ጋር እዚህ አድሯል። ዓይኑ ደም ለብሷል።

«በረንዳው ይፍረስ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አልደብቅም» አለ። «እህቴ ይጠገን ትላለች። በዚህ ስንጨቃጨቅ ከረምን። በመጨረሻ መሐንዲስ ይየውና የሚለውን እንቀበል ብለን ተስማማን። ዛሬ ነው የሚመጣው። ይጠገናል ካለ አባዬ እዚሁ፤ ይፈርሳል ካለ እኔ ዘንድ።»

«ለምን አንተ ዘንድ?»

«ሲፈርስና ሲሠራ አቧራውን በምን ልቡ ይችለዋል? ከዚያ ደግሞ...» ትከሻውን ሰበቀ። «አንዴ ከመጣ ይለምዳል ብዬ ነበር። እህቴም ትንሽ ታርፋለች። ሥራዋን ትታ እሱን ስታስታምም ወጣትነቷ አለቀ።»

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

«‹በረንዳዬን ካፈረሳችሁ እኔንም አብራችሁ አፍርሱኝ› አለ። ትናንት እራት ላይ። ሲናደድ እንዲህ ነው አነጋገሩ። እህቴ ሳህኗን አንስታ ሄደች።»

«አናጢውን የምትጠረጥረው ለምንድን ነው?»

«አዲስ በረንዳ ከጥገና ይልቅ ብዙ ሥራ ነው። ሲሰበር አይተን እሺ እንድንለው ነው ያላላው።»

«ታዲያ ለምን ጥጉን? አባትህ የሚቀመጡት መሃል ላይ አይደል?»

ፋርማሲስቱ የያዘውን የመድኃኒት ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ መለሰ።

«እዚያ ጥግ ምን ያደርጉ ነበር?»

«አየር ሊቀበል ይሆናል» አለ፤ ድምፁንም ዝቅ አድርጎ እህቱ ወዳለችበት ወጥ ቤት ተመለከተ። ኢንስፔክተሯ ያንን ልብ አለችና ተነሳች።

አናጢው መኪናው ውስጥ ውኃውን ሳይጠጣ ይዞት ነበር። አጠገቡ ገብታ ተቀመጠች፤ እግሯን ማሳረፍ ፈልጋለች።

«ስለ በረንዳው ንገረኝ» አለችው።

«በረንዳ ሲያረጅ መጀመሪያ የማየው ምሰሶውን ነው» አለ። «ምሰሶው ደህና ከሆነ ጣውላው ይቀየራል፤ እዳው ገብስ ነው። ምሰሶው ከሄደ ግን ጣውላ መቀየር ለሬሳ ልብስ እንደ መግዛት...» አፉን በእጁ ያዘ። «ይቅርታ። አፌ ነው።»

«ግድ የለም። የዚህስ?»

«የዚህ ምሰሶ ደህና ነው። መሃል ላይ ያለው ጣውላ፣ ጋሼ ወንበራቸውን የሚያኖሩበት፣ እሱ ነው ከሥሩ የበሰበሰው። አበባው ሲጠጣ የሚወርደው ውኃ ነው ያበላሸው። ሁሉም በተሰበሰቡበት ነግሬያቸዋለሁ። ‹እኔ እጠግነዋለሁ፤ መሐንዲሱ ግን መሃል ሄዶ በተረከዙ ሳይደልቅ አይወጣም፣ ያንን ካገኘ አፍርሱ ነው የሚላችሁ› አልኳቸው።»

«የጥጉ ጣውላስ?»

«አረንጓዴው ያስጠላል እንጂ ድንጋይ ነው። በካቻቪቴ ወግቼው አልገባም። እዚያ ሥር ገብቼ እኮ...» አቋረጠ።

«ሥሩ ምን አየህ?»

«ጣሳ።»

«የምን ጣሳ?»

«እሱን ለጋሼ ቃል ሰጥቻለሁ። ከዚህ ነገር ጋር አይገናኝም። በሞቱበት ቀን አላወጣባቸውም፤ እስር ቤትም ብትወስዱኝ።»

አላስጨነቀችውም። «ሚስማር ስትመታ ሳሙና ትቀባለህ?» አለችው።

«ሳሙና?» አናጢው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «ቀኑን ሙሉ ሚስማር ስመታ የምውል ሰው ሳሙና እየቀባሁ የት እደርሳለሁ? ያ የጋሼ አሠራር ነው። የተጣመመ ሚስማር አይጥሉም፤ በድንጋይ ያቃኑትና ሳሙና ያሹታል። እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ ነው ይላሉ። አሁን ግን እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ብርጭቆ እንኳ በሁለት እጃቸው ነበር የሚይዙት።»

«መሣሪያህስ የት ነበር?»

«ሳጥኔ ሰሞኑን በረንዳው ላይ ነው የሰነበተ። የፈለገ ሰው መዶሻ አንስቶ ይጠቀም ነበር።»

የፋርማሲስቱ ሚስት ጓዳ ውስጥ ከአልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። የእጅ ቦርሳዋን ብብቷ ሥር አጣብቃ ይዛዋለች፤ በራሷ ዘመድ ቤት ውስጥ ሌባ እንደፈራ ሰው።

«ድምፁን ሰምቼ ነበር» አለች ሳትጠየቅ። «የታንከሩ ክዳን የወደቀ መስሎኝ ተኛሁ። እትዬ ከዳቦ ቤት ስትመጣ ነው ያገኘቻቸው። እኔ ያኔውኑ ብነሳ ኖሮ እያልኩ ነው።»

«ብትነሺም አትደርሽላቸውም ነበር። ወዲያው ነው ያለፉት።»

ምራቲቱ በመሐረቧ ዓይኗን ጠረገች።

«ሁሉም ወደ ታች ሲሮጥ አንቺ ወደ በረንዳው ወጣሽ» አለች ኢንስፔክተሯ። «የጫማሽ ተረከዝ እዚያ አለ። አንድ ነገር አንስተሻል። አሁን አላስወጣሽም፤ በኋላ ራስሽ ትሰጪኛለሽ። ለማን ብለሽ እንዳነሳሽው ብቻ ንገሪኝ።»

ምራቲቱ ቦርሳዋን ይበልጥ ጨበጠች። «ለእትዬ ብዬ» አለች በሹክሹክታ። «በሞታቸው ላይ ደግሞ ይኼንን እንዳትሰማ።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ወጥ ቤት ስትገባ ትልቋ ልጅ የተንጋደደ መሳቢያ ጉልበቷ ላይ አድርጋ እየጠገነች ነበር። ከቤቱ ሬሳ ወጥቶ፣ ለቀስተኛ ሊመጣ፣ እሷ መሳቢያ ትጠግናለች።

«ተይው እህቴ፤ አረፍ በይ።»

«እጄን ካሳረፍኩት ይንቀጠቀጣል።»

አንድ ሚስማር አንስታ አየችው፤ በደረቀ ሳሙና ላይ አንዴ አሸት አድርጋ እንጨቱ ላይ አቆመችውና በቀላሉ መታችው። ገባ። ይህን ስታደርግ እጇን አላየችም፤ ሐሳቧም ከእጇ ጋር አልነበረም።

«ማን አስተማረሽ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«አባዬ። በረንዳውን ሲሠራው ሚስማር አቃኟ እኔ ነበርኩ። እናቴ ‹ሳሙናዬን ጨረሳችሁት› እያለች ትጮህብን ነበር።» ፈገግታ ፊቷ ላይ መጣና ማረፊያ አጥቶ ተመለሰ።

«ትናንት እራት ላይ ያሉት ነገር አስጨንቆሻል።»

«‹እኔንም አብራችሁ አፍርሱኝ› ያለው?» መዶሻውን አስቀመጠች። «አውቆ ይሆን? ሌላ ማንንም አልጠየቅኩም፤ እርስዎን ነው የምጠይቀው። እዚያ ጥግ ማንም አይሄድም። ውኃ አለ፤ ያዳልጣል። እኔ ራሴ ከጠረግኩት ቆየሁ። እኮ ለዚህ ነው...»

«ለዚህ ነው ምን?»

«ለዚህ ነው ግራ የገባኝ።»

ኢንስፔክተሯ ከበርጩማው ላይ አልተነሳችም። «ብዙ ደክመሽላቸዋል» አለች።

«ሐኪሙ ልቡ አደጋ ላይ ነው ካለኝ ጀምሮ ጨው አስተውኩት፣ ስብ አስተውኩት፣ ሲጋራ አስተውኩት። ከሁሉም የፈራሁት ሲጋራውን ነበር። ግን እሺ አለኝ። አንድ ቀን አልተጣላንበትም። በሲጋራው ፈንታ ከረሜላ ይመጥጣል፤ ልጅ ሆነ ብዬ እስቅበት ነበር።»

ይህን ስትል በኩራት ነው። ኢንስፔክተሯ ነገሩ በሙሉ የተገለጠላት ያኔ ነው፤ ደስ ግን አላላትም። ሥራዋ ሆኖ እንጂ ከዚያ ውልቅ ብላ ቤቷ ብትገባና ጫማዋን ብታወልቅ በወደደች። የሴትዮዋ ነገር አንጀቷን በላው።

ሁሉንም በረንዳው ላይ ሰበሰበቻቸው። አናጢውንም ከመኪናው አስወረደችው፤ ፋርማሲስቱ ሲያየው ፊቱ ጠቆረ፤ ፖሊሱ በመሃላቸው ቆመ።

«ሚስማሩ ባለበት መስመር ላይ ቁሙ፤ ከሥሩ ጣውላውን የሚሸከም ወራጅ እንጨት አለ» አለች። «ሌላ ሰው እንዲወድቅብኝ አልፈልግም።»

ሁሉም በመስመር ቆሙ፤ ፎቶ እንደሚነሳ ቤተሰብ። የማንም ፊት ግን የፎቶ አልነበረም።

«መጀመሪያ ጣውላው» አለች። «ማሰሮው ሥር ግማሽ ክብ አለ። ሌላኛው ግማሽ አባታችሁን ይዞ የወደቀው ጣውላ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ የወደቀው ጣውላ የዚህ የመሃሉ ነበር። አሁን መሃል ላይ ያለው ደግሞ አረንጓዴ ለብሷል፤ የጥጉ ነው። ሰሞኑን አንድ ሰው አለዋውጧቸዋል።»

«ይኸው!» አለ ፋርማሲስቱ ወደ አናጢው እየጠቆመ።

«ቆይ። ለምን ብለህ ጠይቅ። አባትህን መግደል የሚፈልግ ሰው ቢሆን ጣውላውን ምን ብሎ ያነሳዋል? የበሰበሰው እኮ ቀድሞውኑ ወንበራቸው ሥር ነበር። ዝም ብሎ መጠበቅ ይበቃው ነበር። ይፍረስ የሚል ሰውም ቢሆን አያነሳውም፤ መሐንዲሱ መጥቶ በተረከዙ የሚደልቀው መሃሉን ነው። አናጢው አዲስ ሥራ ቢፈልግ፣ አንተ አባትህን መውሰድ ብትፈልግ፣ ለሁለታችሁም የሚበጃችሁ የበሰበሰው ጣውላ መሃል ላይ እንደተቀመጠ ቢገኝ ነው። ወደ ጥግ የወሰደው ሰው የፈለገው መሐንዲሱ እንዳያየው ነው። በረንዳው እንዳይፈርስ የፈለገ ሰው ነው።»

ፋርማሲስቱ ጣቱን ቀስ ብሎ አወረደ። ማንም ወደ ማንም አላየም።

«ሁለተኛው ነገር ይኼ ነው። ያ ሰው የበሰበሰውን ጣውላ የደበቀው ማንም አይረግጠውም ብሎ ባመነበት ቦታ ነው። አባታችሁ ግን ያንን ቦታ በየቀኑ ይረግጡት ነበር። አሁን አንድ ጥያቄ አለኝ። በየተራ መልሱልኝ፤ እውነቱን። አባታችሁ በየጠዋቱ እዚህ ጥግ እንደሚቆሙ ማን ያውቅ ነበር?»

ታንከሩ ያንጠባጥባል።

«አናጢ፣ አንተ ጀምር። ቃል የሰጠኸው ሰው ከእንግዲህ አይቀየምህም።»

አናጢው ኮፍያውን አወለቀ። «እታች፣ ከዚህ ጥግ ሥር በሽቦ የተንጠለጠለ ጣሳ አለ» አለ። «የሲጋራ ቁራጭ ሞልቶበታል። ጋሼ እያየሁት አዩኝና ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ‹ከልጄ ጋር አታጣላኝ› አሉኝ።»

ትልቋ ልጅ ወደ አናጢው ዞረች። የሰማችው ነገር ገና አልገባትም።

«አንቺስ?»

ምራቲቱ ቦርሳዋን ከፈተች። የደም ግፊት መድኃኒት ካርቶን አወጣች፤ ውስጡ ሲጋራና ክብሪት ነበር። «ታንከሩን ልከፍት ስመጣ አንድ ሁለቴ አይቻቸዋለሁ። ዛሬም ካርቶኑ ጫማቸው አጠገብ ወድቆ ነበር። ተቃጥሎ ካለቀው ቁራጭ ጋር አነሳሁት።» ወደ ትልቋ ልጅ ዞረች። «እትዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። እንዳታዝኚ ብዬ ነው።»

«ካርቶኑ ያንተ ነው» አለች ኢንስፔክተሯ ለፋርማሲስቱ።

«አዎ» አለ። «በሳምንት አንዴ መድኃኒቱን ሳመጣ በአንዱ ካርቶን ሲጋራ እጨምርለት ነበር። ከረሜላውንም እኔ ነኝ የማመጣለት፤ ሽታውን እንዲያጠፋለት። ፋርማሲስት ነኝ፤ ልብ ላይ ምን እንደሚያደርግ ከማንም በላይ አውቃለሁ።» ዓይኑን ካርቶኑ ላይ ተከለ። «ለመነኝ። ‹በቀን አንዲት ብቻ፣ እሷ ዳቦ ልትገዛ ስትሄድ› አለኝ። ምን ልበለው?»

ኢንስፔክተሯ ወደ ትልቋ ልጅ ዞረች፤ ድምጿንም ዝቅ አደረገች። «እህቴ፣ አናጢው ያውቃል፤ ወንድምሽ ያውቃል፤ ሚስቱ ታውቃለች። ሦስቱም አውቀው ያንን ጣውላ እዚያ አያደርጉትም። ይህንን ጥግ ማንም አይረግጠውም ብሎ ማመን የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው በዚህ ቤት ያለው።»

«እኔ» አለች ትልቋ ልጅ።

«ሚስማሩም ሳሙና የተቀባ ነው።»

«እኔ ነኝ» አለች ደግማ፤ ቀጥ ብላ፣ ሚስማሩ መስመር ላይ እንደቆመች። «ወንድሜ ሐኪም ቤት ይዞት የሄደ ዕለት ነው የቀየርኩት። መሐንዲሱ እንደሄደ ከሰዓት አዲስ ጣውላ ላስገባበት ነበር። አናጢው ጥሎት ከሄደው መርጬ አስቀምጫለሁ፤ እዚያ ግድግዳ ሥር አለ። ለአንድ ቀን ብቻ ነበር። ፎቅ ላይ ወጥቶ በመስኮት እያየ እንዲሞት አልፈለግኩም።» ከዚያ ወደ ኢንስፔክተሯ አየች። «እንግዲህ አውቆ አይደለም?»

«አውቀው አይደለም። ሲጋራቸውን ሊያጨሱ ነው የመጡት።»

ትልቋ ልጅ ዓይኗን ጨፈነች። ከጠዋት ጀምሮ ደረቷ ላይ የቆመ ነገር ሲወርድ ታየ፤ በእሱ ቦታ ሌላ ነገር ሲቀመጥም እንዲሁ።

«ቢነግረኝ ኖሮ» አለች፤ «ዝም እለው ነበር።»

«አትዪውም ነበር እቴቴ» አለ ወንድሟ። በቁጣ አይደለም። እያለቀሰ ነው።

ትንሽ አሰበች። «አዎ» አለች። «አልለውም ነበር።»

ፋርማሲስቱ ወደ አናጢው ሄዶ ፊት ለፊቱ ቆመ። አናጢው እጁን ዘርግቶ ትከሻውን ያዘው። «ተወው» አለው። «አባትህ ናቸው። እኔም ብሆን አንድ ሰው አንቅ ነበር።»

መሐንዲሱ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ወሬውን አልሰማም፤ ሜትሩን ይዞ በጓሮ በኩል ዞሮ ብቅ አለ። ሰዎቹን በመስመር ቆመው ሲያያቸው ግራ ገባው።

«ይጠገን ወይስ ይፈርስ የተባለው በረንዳ ይኼ ነው?» አለ። «ማን ነው የሚያናግረኝ?»

«ይጠገን» አለ ፋርማሲስቱ፤ ዓመቱን ሙሉ ይፍረስ ሲል የከረመው። ወደ እህቱ እያየ ነው ያለው። ሊሰጣት የቻለው እሱን ብቻ ነበር።

«የለም» አለች ትልቋ ልጅ። «ይፍረስ። ያቆምኩት ለእሱ ብዬ ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ጣቢያ ድረስ አብራት እንድትሄድና ቃሏን እንድትሰጥ ነገረቻት። «ለመግደል አላሰብሽም፤ እንደዚያው ነው የምጽፈው» አለቻት። «ከዚያ በኋላ ያለው ግን በእኔ እጅ አይደለም። በዚህ ልዋሽሽ አልችልም።» ትልቋ ልጅ ራሷን ነቀነቀች፤ ሻሿን አስተካከለች። ደረጃው ላይ የቀረውን ዳቦ አንስታ ለወንድሟ ሚስት ሰጠች። «ለቀስተኛ ይመጣል፤ ይኼ አይበቃም፤ ጨምሩበት» አለቻት። አናጢው እሱ ተቀምጦበት ከነበረው የመኪና ወንበር ላይ የፈሰሰውን ውኃ በእጅጌው ጠረገላት።

መኪናው ቁልቁለቱን በዝግታ ወረደ። ኢንስፔክተሯ አጠገቧ ተቀምጣ ጉልበቷን ታሻለች። ዳቦ ቤቱ አጠገብ ሲደርሱ ትልቋ ልጅ በኋላ መስኮት ዞራ ወደ ቤቱ አየች።

«ትንሽ ያቁሙልኝ» አለች።

ፖሊሱ አቆመ። ከዚያ ሆነው ሲያዩ ታንከሩ ይታያል፤ ከታንከሩ ጀርባ ደግሞ የተገነጠለው መደገፊያና ጥጉ፣ ምንም ሳይጋርደው፣ ፊት ለፊት። ከቤቱ ውስጥ የማይታየው ጥግ ከዚህ መንገድ ላይ ጎልቶ ይታያል። እዚያ የቆመ ሰው ከዳቦ ቤቱ የሚወጣውን ሰው ያያል።

«በዚህ በኩል ስመጣ እያየ ነበር የሚያጠፋው» አለች።

«እንደሱ ነው የሚመስለኝ።»

«በየቀኑ፣ ከዚህ እስክወጣ ድረስ፣ እኔን ይጠብቅ ነበር።» ዓይኗን ከጥጉ ላይ አላነሳችም። «እኔ ደግሞ ዳገቱ ስለሚደክመኝ አቀርቅሬ ነው የምሄደው። አንድ ቀን ቀና ብል አየው ነበር።»

ኢንስፔክተሯ እጇን ከጉልበቷ ላይ አንስታ የሴትዮዋን እጅ ያዘች፤ መኪናውም ትልቋ ልጅ ራሷ «እንሂድ» እስክትል ድረስ እዚያው ቆመ።